ወፎቹ እንዳይደነግጡ

ስማኝ። ስልክህን ኪስህ አስገባና ይሄን ስማ። ጸሐይ ነው ብለህ አትዘናጋ፤ ድሬ ላይ ሰው የሚገድለው ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ አይደለም። ሌላ ሰው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው የሚገድለን። እኛ እዚህ ላባችን ይንጠባጠባል፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል ያቀልጣል፣ እዚያ ደንገጎ ተራራ ላይ ደግሞ አንዱ ገበሬ ማሽላው ስለራሰለት አላህን ያመሰግናል። የሱ ምስጋና ከሰዓት በኋላ ጭቃና ግንድ ሆኖ እኛ ጋ ይደርሳል።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ኳስ እንጫወትበታለን፣ ፍየል ይነዳበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር ሰው ድልድዩ ከራቀው በውስጡ አቆራርጦ ይሄዳል። ከዛ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ያ ሁሉ ደረቅ አሸዋ ሌላ ነገር ይሆናል። ሲመጣ እንደምታውቀው ውሃ ቀስ ብሎ እየሞላ አይደለም። ቆሞ ነው የሚመጣው። ከፊቱ ንፋስ ይገፋል፣ ንፋሱ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። የኛ ሰፈር ልጅ ያ ሽታ አፍንጫው ላይ ሲደርስ እግሩ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ይሮጣል።

ለዚህ ነው ጩኸት ያለን። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ላይ ያለው ሰው ውሃውን ሲያይ «ለግኒ ዱፌ!» ይላል፣ ወንዙ መጣ ማለት ነው በኦሮምኛ። ከሱ በታች ያለው ይቀበለዋል። ሶማሌ ከሆነ «ዳድ! ዳድ!» ይላል፣ አማርኛ የሚቀናው «ጎርፍ!» ይላል። ሕጉ ግን አንድ ነው፦ የሰማ ሰው እየጮኸ ይወጣል። ዝም ብሎ መውጣት ነውር ነው፣ ሌብነት በለው። ትናንት የተደባደብከው ሰው ከታችህ ቢኖር እንኳ ትጮህለታለህ፣ ከዳር ከወጣችሁ በኋላ ድብድቡን ትቀጥላላችሁ። ጩኸቱ ከአፍ አፍ እየዘለለ ከውሃው ቀድሞ ይወርዳል። ስንቱን አድኗል። አክስቴን ግን፣ የእናቴን ታናሽ፣ ሳይደርሳት ቀረ። ልብስ እያጠበች ነበር። ከሷ በላይ የነበረው ሰውዬ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ሕጉን አያውቅም፣ ሰማና ሮጦ ወጣ። በቃ። እናቴ ከዛ ወዲህ ወንዝ ውስጥ ስትቆም ለተራራው ጀርባዋን ሰጥታ አታውቅም።

እንግዲህ ወደዚህ ሰፈር ነው ፕሮጀክት የመጣው።

ከከተማው በታች፣ ወደ መልካ ጀብዱ ስትሄድ፣ ወንዙ የሚሰፋበት ሜዳ አለ። ድሮ ውሃው ሲሞላ እዚያ ወጥቶ ይተኛ ነበር አሉ። ከዛ ቆሻሻ ተደፋበት፣ አፈር ተሞላበት፣ ታጠረ፣ እሾህ ዋጠው። ውሃው መተኛ ሲያጣ ቤታችን ገባ። ፕሮጀክቱ የሚለው ሜዳውን ለወንዙ እንመልስለት ነው። አፈሩ ይነሳ፣ ኩሬ ይቆፈር፣ ቄጠማና ፊላ ይተከል፣ ወፍ ይምጣ፣ ሰውም ይዝናና። አዳራሽ ሰበሰቡንና አንዲት መሐንዲስ በስዕል አስረዳችን። እውነቱን ልንገርህ፣ ልጅቷ ጎበዝ ነች። «ወንዝ አልጋ ያስፈልገዋል፣ አልጋውን ስለወሰድንበት ነው ከናንተ ጋር የሚተኛው» ስትል ሰዉ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ።

እኔ ግን ስዕሉ ላይ አንድ ነገር አየሁ። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከኩሬው አጠገብ፣ ወንበር ተስሏል። ጃንጥላ ተስሏል። ሳር ላይ የተጋደሙ ሰዎች ተስለዋል።

«አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩና ተነሳሁ።

ከጎኗ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ አለቃ «አንቺ?» አለ፣ እንደተነደፈ ሰው። ከሌላ አገር ነው የመጣው፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ አያውቅም።

«ምን ላድርግ አቦ፣ እዚህ አላህንም አንተ ነው የምንለው» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ከኋላ ሸሚዜን ጎተተችኝ።

«ጠይቅ» አለች መሐንዲሷ፣ እሷም እየሳቀች።

«ውሃው የሚተኛው እዚያ ከሆነ፣ ሰውን አልጋው ላይ ምን ልታደርጉ ታስቀምጡታላችሁ?»

ሳቋ ቆመ። ልትመልስ አፏን ስትከፍት አለቃው ማይኩን ወሰደው። «ውሃ በሌለበት ጊዜ ሕዝቡ ይጠቀምበታል» አለ።

«ውሃው በቀጠሮ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ማስጠንቀቂያ ሳይረን ይተከላል!» አለ። ተጨበጨበለት። ሳይረን የሚለው ቃል ራሱ ዘመናዊ ነገር መሰለንና አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሠሩት። አልዋሽም፣ አማረ። እስካቫተሩ ሲቆፍር ከርሞ ሄደ፣ ቄጠማው ያዘ፣ ዳሩ በጋቢዮን ታጠረ፣ ያ ድንጋይ በሽቦ መረብ የሚታሰረው። የመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ሲመጣ እንደነገረችን ሆነ፤ ውሃው ሜዳው ላይ ወጥቶ ተዘረጋና ተኛ፣ ሰፈራችን አንድ ቤት ውሃ አልገባበትም። ያን ቀን የመጣው በሥራ ሰዓት አልነበረም፣ ሜዳው ላይ ሰው የለም። ከዛ ወፎቹ መጡ። ከየት እንደሰሙ እንጃ። ዳክዬ፣ ጥቁር ጠላቂ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጮች። እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ከቁራና ከእርግብ ሌላ ወፍ አላውቅም ነበር። ባጃጄን ዳር አቁሜ እያየኋቸው ተሳፋሪ ያመለጠኝ ቀን አለ።

እናቴም እዚያ ቦታ ተሰጣት። ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ጃንጥላዋን የተከሉላት ከኩሬው ታችኛው ጫፍ ነው፣ ጋቢዮኑ ሥር። ደንበኛ ወደ ኩሬው ፊቱን አዙሮ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ እሷ ከደንበኛው ፊት ለፊት ሆና ትቀዳለች። መጀመሪያ ቀን ሄጄ ሳያት ተራራው ከጀርባዋ ነው። አላመንኩም። «እማ፣ ዙሪ» አልኳት።

«ብዞር ምድጃው ንፋስ ይመታዋል» አለችኝ። «ደግሞ ሳይረን አለ ብለዋል።»

ሳይረኑ ምን መሰለህ? ረጅም ብረት ምሰሶ። ጫፉ ላይ ምንም የለም። አንዷ ነጭ ወፍ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ቆማ ኩሬውን ትጠብቃለች። ሳይረኑስ ብለህ ስትጠይቅ «መንገድ ላይ ነው» ይሉሃል። ከየት አገር በእግሩ እንደሚመጣ እንጃ።

ከሳይረኑ የቀደመው ማስታወቂያው ነው። በር ላይ ትልቅ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰቀለ፦ «ጸጥታ ይከበር። መጮኽ፣ ክላክስ ማድረግ፣ ሙዚቃ መክፈት ክልክል ነው። ወፎቹ በመፈልፈል ላይ ናቸው።» ጥበቃ ተቀጠረ፣ ዕድሜውን ባቡር ላይ የጨረሰ ሸይባ፣ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ዩኒፎርሙን በካውያ የሚተኩስ ዓይነት። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ ችግሩም ይሄው ነው። ሻጮቹን ሁሉ ስልካቸውን ድምፅ አስጠፋቸው። እቃ ሲጋጭ እንኳ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይመጣል።

አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ «እማ!» አልኩ፣ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ነበር።

«ሽሽሽ! አንተ፣ ሰፈርህ መሰለህ?»

«እናቴን ነው የጠራሁት ሸይባ።»

«በስልክ ጥራታ።»

«ስልኳን አንተ አይደለህ እንዴ አፉን የዘጋኸው?»

«እንግዲያው በእግርህ ሂድና ንገራት። ቀስ በል ደግሞ፣ እንቁላል ላይ ተቀምጣለች።»

«እናቴ?»

«ወፏ! ወፏ አንተ ጋጠወጥ!» አለኝ፣ በሹክሹክታ እየተሳደበ። እንደዛ በዝግታ ተሰድቤ አላውቅም። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን።

ከዛ ሳቄን ሳልጨርስ ጠየቅኩት። «ውሃ ከመጣስ ሸይባ? ማን ነው የሚጮኸው?»

«በስልኬ ይነግሩኛል» አለ። ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገው። «ከላይ ደውለው ይነግሩኛል፣ እኔ ለሁሉም በየተራ እነግራለሁ። በሥርዓት።»

በሥርዓት።

የሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ከሰዓት። ከቀፊራ ገበያ አንዲት ወይዘሮ ከነሽንኩርት ጆንያዋ ጭኜ ወደ ቤቷ እየወሰድኳት ነበር። እኛ ላይ ጸሐይ ነው፣ ተራራው ግን የለም። ጥቁር ነገር ውጦታል። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሰማሁት።

«ለግኒ ዱፌ!»

ከላይ። ከዛ ከቅርብ። ከዛ ከእግሬ ሥር፣ ድልድዩ ሥር፣ የፍየል ነጋዴዎቹ «ዳድ! ዳድ!» እያሉ ፍየሎቹን በቀንድ እየጎተቱ ሲወጡ። ጩኸቱ ድልድዩን አለፈና ወደ ታች ሄደ። ወደ እናቴ ነው የሄደው። ይደርሳታል አልኩ። ሁሌ ይደርስ የለ? ደወልኩ። ይጠራል። አያነሳም። ደገምኩ። ይጠራል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ድምፅ የለውም። ያኔ ነው ሰሌዳው ዓይኔ ላይ የመጣው።

ባጃጇን አዞርኩ።

«ወዴት ነው? ቤቴ በዚህ አይደለም!» አለች ወይዘሮዋ።

ማርሽ ጨመርኩ።

«አውርደኝ! አውርደኝ አንተ እብድ፣ እጮሃለሁ!»

«እናቴ ወንዝ ውስጥ ናት» አልኳት።

የሽንኩርት ጆንያዋን በሁለት እጇ አቀፈችና «ንዳ» አለችኝ። «ንዳ ልጄ፣ ምን ታየኛለህ!»

መንገዱ ወንዙን ተከትሎ አይሄድም፣ ይዞራል። ውሃው አይዞርም። ይሄ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው፦ እሱ በቀጥታ፣ እኔ በዙሪያ። በየቤቱ መሃል ወንዙ ብልጭ ሲልልኝ ገና ደረቅ አሸዋ ነው፣ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደረቅ መሆኑ ራሱ ያስፈራኛል። ክላክሱን ለቅቄው አላውቅም። ሰው ይሰድበኛል። አንድ ቦታ ላይ ንፋሱ ከጎኔ መጣ። ሽታው መጣ። ወይዘሮዋም አሽትታ «ያ ረቢ» ስትል ሰማኋት።

እዚያ ምን እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት፣ እዚህ ላይ ልንገርህ። ጩኸቱ ከአጥሩ በላይ ያሉት አሸዋ ጫኞች ጋ ደርሷል። እነሱም እንደ ሕጉ ጮኸዋል። ጥበቃው ወደ አጥሩ ሮጦ መጥቶ «ሽሽሽ!» አላቸው፣ በእጁ ዝቅ በሉ እያለ። እነሱ ደግሞ ሰማን ማለቱ መሰላቸው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነዋ! ዩኒፎርም ከሰማ መንግሥት ሰማ ማለት ነው፣ እሱ ያስተላልፋል ብለው ወጥተው ሄዱ። እሱ ደግሞ እውነት ቢሆን በስልኬ ይነግሩኝ ነበር ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ስንት ዘመን ያልተበጠሰ ጩኸት አንድ አጥር ላይ ተበጠሰ።

እኔ በሩ ላይ ስደርስ ሸይባው እዚያው ነው። ጣቱ ከንፈሩ ላይ ነው። «ክላክሱን!» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለግኒ ዱፌ!» አልኩት ፊቱ ላይ። ምራቄ ሳይነካው አልቀረም። ገፍቼው አለፍኩ። ወይዘሮዋ ከኋላዬ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻግራ ክላክሱን ተጫነችው፣ አለቀቀችውም።

ወፎቹ ተነሱ። ሁሉም፣ አንድ ላይ። እንደዛ ብዙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ሰማዩ ነጭ ሆነ። ሳሩ ላይ የተጋደሙት ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ወፎቹን መቅረጽ ጀመሩ። እናቴን አየኋት፣ ጃንጥላዋ ሥር፣ ጀርባዋ ለተራራው፣ ብርጭቆ በእጇ። «እማ! እማ ውጪ!» አልኩ። ወፎቹን አየች፣ እኔን አየች።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

እህቷ በዝምታ የተወሰደችባት ሴት። ያ ጩኸት ከናቷ ማህፀን ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ ያለ ሴት። በጥቂት ወር ውስጥ ዝም ማለት አስተምረዋታል፤ እኔንም ዝም በል አለችኝ። ከጎርፉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ዛሬም እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ከዛ ንፋሱ ደረሳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ብርጭቆውን ጣለችና ጮኸች፣ ከሷ ይወጣል ብዬ በማላስበው ድምፅ፣ «ለግኒ ዱፌ!» ወደ እኔ ግን አልመጣችም። ወደ ታች ነው የሮጠችው፣ ወደ ተማሪዎቹ፣ እየገፋች፣ እየጎተተች፣ አንዱን በጫማዋ እየመታች። እነሱ ወጡ። እሷ ስትዞር ቄጠማው በሙሉ አንድ ጊዜ ተኛ።

ውሃው መጣ። ጃንጥላው ሄደ፣ ወንበሩ ሄደ፣ ምድጃው ጢሱን እንደያዘ ሄደ። እናቴ ጋቢዮኑን ያዘች። ወገቧ ድረስ ነው፣ ከዛ ደረቷ ድረስ ነው። ፊቷን ብቻ ነው የማየው፣ አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም፣ ውሃው ሁሉን ድምፅ በልቶታል። ገባሁ። ወዲያው እግሬን አጣሁት። ቀበቶዬን አንድ እጅ ያዘው፤ ዞሬ ሳይ ሸይባው ነው፣ ቆቡ የለም፣ ያ የተተኮሰ ሱሪው ጭቃ ውስጥ ነው። የሱን ሸሚዝ ወይዘሮዋ ይዛዋለች። እሷን ደግሞ ተማሪዎቹ። እንደ ገመድ ሆንን። «ያዝኩህ፣ ሂድ! ያዝኩህ!» ይለኛል ሸይባው፣ አሁን በሙሉ ድምፁ፣ ጆሮዬ ሥር። የእናቴን እጅ ስይዘው አለቅም አለች፣ ሽቦውን። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከሽቦው አላቀቅኩ። ሽቦው የቆረጠው መዳፏ እስካሁን በደንብ አይጨበጥም።

በማግስቱ ያ አለቃ በሬዲዮ ተናገረ። ሜዳው ጎርፉን በሚገባ ተቀብሏል፣ ከተማው ተርፏል፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም አለ። ውሸት አይደለም እኮ! የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሰፈራችን ደረቅ ነበር። ውሃው በቄጠማው ውስጥ ተበትኖ ጉልበቱ ባይደክም ኖሮ እናቴም አትገኝም ነበር። መሐንዲሷ ልክ ነበረች፣ ወንዙ አልጋ ያስፈልገዋል። ወፎቹም በሳምንቱ ተመለሱ፣ እሰየው፣ ይፈልፍሉ። ግን አልጋው ላይ የተቀመጠው ሰውስ?

ሄጄ ጠይቄያለሁ። ወንበሩን ከጋቢዮኑ በላይ አውጡት፣ በክረምት ከሰዓት ሜዳውን ዝጉት፣ ካልሆነ ደግሞ ሰሌዳው ላይ «ከጎርፍ በስተቀር» ብላችሁ ጻፉበት አልኳቸው። «ለባለሙያ እናቀርባለን» አሉኝ። ሸይባው ያን ቀን ስለጮኸ አልተቆጡትም፣ አመስግነው አሰናበቱት፣ ዕድሜው ገፍቷል ተባለ። አሁን ያለው ጥበቃ ወጣት ነው። ፊሽካ እንኳ የለውም። ሰሌዳው ታጥቦ እንደገና ተቀብቷል። ምሰሶው ባዶ ነው።

እናቴ ተመልሳለች። ጃንጥላ ሰጧት፣ አዲስ፣ እዚያው ቦታ። «እማ፣ ሌላ ቦታ እንፈልግ» አልኳት።

«የት? ቀፊራ የቆመ ሰው ይነሳልኛል?» አለችኝ መዳፏን እያሸች። «ውሃው በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው። ረሃብ በየቀኑ ነው ልጄ።»

«ስልክሽንስ?»

«ድምፁን ከፈትኩት» አለች። ከዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እቤታችን ተቀምጠን፣ ማንም በሌለበት፣ «ለጥበቃው ልጅ እንዳትነግረው፣ ይቆጣኛል» አለችኝ።

ነሐሴ እንደገና እየመጣ ነው። እኔ ከሰዓት ሥራ ትቻለሁ ማለት ይቻላል፤ ድልድዩ ላይ ቆሜ ተራራ ነው የማየው። ጓደኞቼ «ወሪያ፣ ተራራውን አገባኸው እንዴ?» ይሉኛል። ይሳቁ። ዳመና ባየሁ ቁጥር የባጃጇን ሞተር አስነሳለሁ።

እናንተ ስዕሉን የሳላችሁ፣ ሰሌዳውን የቀባችሁ፣ በሬዲዮ የተናገራችሁ፦ በነሐሴ፣ ተራራው ሲጠቁር፣ ከናንተ ውስጥ እናቱን አምጥቶ እዚያች ወንበር ላይ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» የሚላት ማነው?